ቁስሉ ሲጠፋ በሽታው ጠፋ ማለት አይደለም፤ ከዶክተር ሂዴዮ ኖጉቺ ሕይወት የምንማረው



በዚህ ዓምድ ዘወትር ስለ በሽታ ምልክቶች፣ ስለ ሕክምናና ስለ መከላከያ መንገዶች እንነጋገራለን። ዛሬ ግን የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። ለዚህም ምክንያት አለኝ። በምርመራ ክፍል ውስጥ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ነገር አለ። ለሌላ ሕመም ወደ ሕክምና የመጣ ሰው ደሙ ሲመረመር ቂጥኝ ይገኝበታል። ወደ ኋላ ተመልሰን ስንጨዋወት፣ ከወራት ወይም ከዓመታት በፊት ብልቱ ላይ አንድ ቁስል ወጥቶ እንደነበር፣ ቁስሉ ስላላመመውና በራሱ ጊዜ ስለደረቀ ድኛለሁ ብሎ እንደተወው ይነግረኛል።

በዚህ ሰው መፍረድ አይቻልም። ሁላችንም የምናምነው በዓይናችን ያየነውን ነው። በቂጥኝ ነገር ግን ዓይን የሚታመን ምስክር አይደለም። ይህን እውነት ከማንም በላይ በሥራቸው ያሳዩን፣ ራሳቸውም በዓይናቸው የተታለሉ አንድ ታላቅ ተመራማሪ ነበሩ። የዛሬው ታሪካችን የእሳቸው ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምድጃ ውስጥ የወደቀው ሕፃን

ሂዴዮ ኖጉቺ የተወለደው በ1876 በሰሜናዊ ጃፓን፣ ዛሬ ፉኩሺማ በሚባለው ግዛት፣ ኢናዋሺሮ በተባለ የገጠር መንደር ነው። እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ሴይሳኩ ነበር። ቤተሰቡ ድኻ ነበር፤ የቤቱ ቀንበር የወደቀውም በእናቱ በሺካ ጫንቃ ላይ ነው። ሕፃኑ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው እናቱ ለሥራ ወጣ ባሉበት ጊዜ ቤት ውስጥ ከሚነድ ምድጃ ላይ ወደቀ። ግራ እጁ ክፉኛ ተቃጠለ። ቁስሉ ሲሽር ጣቶቹ እርስ በርስ ተጣበቁ፤ እጁም ለእርሻ ሥራ የማይሆን ሆነ።

እናቱ ልጃቸው በጉልበቱ ሠርቶ ማደር እንደማይችል ስለተረዱ በትምህርት እንዲገፋ ቆረጡ። ትምህርት ቤት ሲገባ ጎበዝ ሆነ። ኮባያሺ የተባሉ መምህር ደገፉት፤ መምህራንና ተማሪዎች ገንዘብ አዋጡለትና በ1892 ዋታናቤ በተባሉ ሐኪም እጁ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። እጁ ሙሉ በሙሉ ባይስተካከልም ጣቶቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ። ልጁ ያን ቀን ሕክምና ምን ማድረግ እንደሚችል በገዛ አካሉ አየ። ከዚያ በኋላ እዚያው ሐኪም ዘንድ እየተላላከ ሕክምናን ተማረ። በ1897 ገና በ20 ዓመቱ የሐኪምነት ፈቃድ የሚያሰጠውን ፈተና አለፈ። ብዙም ሳይቆይ ስሙን ወደ ሂዴዮ ቀየረ።

እንግዲህ ሐኪም ሆነዋልና ከዚህ በኋላ አንቱ ልንላቸው ይገባል።

ዶክተር ኖጉቺ በቶኪዮ በታዋቂው ሳይንቲስት በኪታሳቶ ተቋም ሥራ ጀመሩ። በ1899 ሳይመን ፍሌክስነር የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ ጃፓንን ሲጎበኙ አስተርጓሚያቸው ሆኑ። እንግዳው በጨዋነት የተናገሩትን የማበረታቻ ቃል ወጣቱ ሐኪም እንደ ግብዣ ቆጠሩት። በ1900 መጨረሻ ላይ ሳይጠሩ ፊላደልፊያ ከተማ ደርሰው የፍሌክስነርን በር አንኳኩ። ፍሌክስነርም አላባረሯቸውም፤ በእባብ መርዝ ላይ ምርምር እንዲሠሩ ቦታ ሰጧቸው። ከ1904 ጀምሮ ደግሞ ፍሌክስነር በሚመሩት በኒውዮርኩ የሮክፌለር የሕክምና ምርምር ተቋም ተቀጠሩ።

ወፍራም፣ መካከለኛ፣ ቀጭን

ያ ዘመን የቂጥኝ ምርምር የተፋፋመበት ነበር። በ1905 ሻውዲን እና ሆፍማን የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን የቂጥኝን ተሕዋስ በማይክሮስኮፕ አገኙ። እንደ ሽቦ ጥምዝ የተጠማዘዘች፣ እጅግ ቀጭን ባክቴሪያ ናት። ትሬፖኔማ ፓሊደም ትባላለች። ሁለተኛው ቃል ገርጣ ያለች እንደ ማለት ነው፤ ስሙ የተሰጣት ቀለም በቀላሉ ስለማይዛትና በማይክሮስኮፕ ለማየት ስለምታስቸግር ነው።

ዶክተር ኖጉቺ በዚህች ባክቴሪያ ላይ ሌት ተቀን ሠሩ። በ1911 ባክቴሪያዋን ከሰውነት ውጭ በብልቃጥ አሳድጌአለሁ ብለው አስታወቁ። ዓለም አደነቃቸው። በ1912 ደግሞ ሌላ ጽሑፍ አወጡ። የቂጥኝ ባክቴሪያ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለችም፤ ወፍራም፣ መካከለኛና ቀጭን አላት፤ በጥንቸሎች ላይ የሚያደርሱት ቁስልም እንደየዓይነታቸው ይለያያል የሚል ነበር።

ጥያቄው እጅግ ትክክለኛ ጥያቄ መሆኑን ልብ በሉ። አንዱ የቂጥኝ ሕመምተኛ ቆዳው ብቻ ሲጎዳ ሌላው ለምን አእምሮውን ይስታል? የባክቴሪያዋ ዘር ቢለያይ ይሆን? ችግሩ መለኪያው ነበር። የባክቴሪያዋ ውፍረት ከአንድ ሚሊ ሜትር አምስት ሺህኛ ያህል ብቻ ነው። ይህ በተራ ብርሃን የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ለይቶ ማሳየት ከሚችለው ወሰን ላይ ያረፈ መጠን ነው። በዚህ ወሰን ላይ ቆሞ ይህቺ ወፍራም፣ ያቺ ቀጭን ብሎ ዘር መለየት አይቻልም።

በብልቃጥ ያሳደጓት ባክቴሪያም ጉዳይ እንዲሁ ሆነ። ሌሎች ተመራማሪዎች ደጋግመው ቢሞክሩ አልሆነላቸውም። ዛሬ ብዙዎች የሚያምኑት በብልቃጡ ያደጉት የቂጥኝ ባክቴሪያ ሳይሆኑ መልካቸው እሷን የሚመስል፣ በሰው አካል ላይ ያለ ጉዳት የሚኖሩ ዘመዶቿ እንደነበሩ ነው። እውነተኛዋን ባክቴሪያ ከእንስሳ ውጭ ለረጅም ጊዜ ማራባት የተቻለው በ2018 ነው፤ ያውም ከጥንቸል ሕዋሳት ጋር አብራ እንድታድግ በማድረግ። ከ100 ዓመት በላይ የፈጀ ሥራ መሆኑ ነው።

ሌላም የሚነገር አለ። ዶክተር ኖጉቺ ከባክቴሪያዋ ያዘጋጁት የቆዳ መመርመሪያ በኒውዮርክ ሆስፒታሎች ውስጥ በነበሩ ሕመምተኞች ላይ ተሞከረ። ቂጥኝ የሌለባቸው ሰዎች፣ ሕፃናትም ጭምር ለንጽጽር ሲባል ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ ተወጉ። ነገሩ በ1912 አደባባይ ወጥቶ ክስ እንዲመሠረት ቢጠየቅም አልተመሠረተም። ዛሬ ሐኪም ከመመርመሩ በፊት ፈቃድዎን የሚጠይቀው፣ ለምርምር ሲሆን ደግሞ በጽሑፍ የሚያስፈርመው፣ ሙያችን እንዲህ ካሉ ጥፋቶች ስለተማረ ነው።

በአንጎል ውስጥ የተደበቀችው

አሁን ወደ ታላቁ ሥራቸው እንምጣ። በዚያ ዘመን በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሎች ውስጥ አንድ ዓይነት ሕመም ያለባቸው ብዙ ሰዎች ይገኙ ነበር። በጎልማሳነታቸው ጠባያቸው ይቀየራል፤ ያለ መጠን መመካት ይጀምራሉ፤ ንግግራቸው ይኮላተፋል፤ የማስታወስ ችሎታቸው ይጠፋል፤ በመጨረሻም ሽባ ሆነው ይሞታሉ። ብዙዎቹ ከ10 እና ከ20 ዓመት በፊት ቂጥኝ ይዟቸው የነበረ መሆኑ ሐኪሞችን ቢያጠራጥርም ባክቴሪያዋን በአንጎላቸው ውስጥ ያየ አልነበረም።

በ1913 ዶክተር ኖጉቺ ሙር ከተባሉ ሐኪም ጋር ሆነው በዚህ በሽታ የሞቱ የ70 ሰዎችን አንጎል መረመሩ። በጥቂቶቹ ውስጥ ያችን ጥምዝ ባክቴሪያ አገኟት። ክርክሩ በዚያው አበቃ። አንድ ጊዜ ብልት ላይ ወጥታ የጠፋች ቁስል ከብዙ ዓመታት በኋላ የሰውን አእምሮ ልትነጥቅ እንደምትችል ተረጋገጠ። ይህ ግኝት እስከ ዛሬ ጸንቶ የቆመ ነው። በዚህና በሌሎች ሥራዎቻቸው ለኖቤል ሽልማት ደጋግመው ታጭተዋል፤ ሆኖም አላገኙም።

በዚህ ሁሉ መካከል ፊደል በቅጡ ያልተማሩት እናታቸው በሚንቀጠቀጥ እጅ የልመና ደብዳቤ ጻፉላቸው፤ ሳይሞቱ ልጃቸውን ለማየት ነበር ምኞታቸው። ዶክተር ኖጉቺ በ1915 ከ15 ዓመት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው እናታቸውን አዩ። እናታቸው በ1918 ዐረፉ።

ዓይን ዳግም ሲያታልል

በ1918 ዶክተር ኖጉቺ ቢጫ ወባን ለማጥናት ወደ ኢኳዶር ሄዱ። ትኩሳት ካላቸውና ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ ሕመምተኞች ደም ውስጥ ሌላ ጥምዝ ባክቴሪያ አገኙና የበሽታው መንሥኤ ይህቺ ናት አሉ። ክትባትም ተዘጋጅቶ ለሰዎች ተሰጠ። ነገር ግን በአይጥ ሽንት አማካይነት የሚተላለፍ ሌላ በሽታም ዓይንን ቢጫ ያደርጋል። ያገኟት የዚያኛውን በሽታ ባክቴሪያ ነበር። ሁለቱ ሕመሞች በመልክ ቢመሳሰሉም ዘራቸው የተለያየ ነበር።

በሌላ በኩል በፔሩ የሚገኙ፣ በመልክ የማይገናኙ ሁለት በሽታዎች መንሥኤአቸው አንድ ባክቴሪያ መሆኑን በትክክል አሳይተዋል። አንዱ በሽታ ደም የሚያሟጥጥ ከባድ ትኩሳት፣ ሌላው ቆዳ ላይ የሚወጣ እብጠት ነው። እንግዲህ መልክ አንዴ ሁለቱን አንድ ያስመስላል፤ አንዴ ደግሞ አንዱን ሁለት።

በ1927 በምዕራብ አፍሪካ ሲሠሩ የነበሩ ተመራማሪዎች ቢጫ ወባ የሚመጣው በባክቴሪያ ሳይሆን በቫይረስ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ አቀረቡ። ዶክተር ኖጉቺ ነገሩን ራሳቸው ለማጣራት በዚያው ዓመት ኅዳር አካባቢ ዛሬ ጋና ወደምትባለው አገር፣ ወደ አክራ ተጓዙ። ለወራት በዝንጀሮዎች ላይ ሙከራ አደረጉ። ወደ ኒውዮርክ ሊመለሱ ሲሰናዱ ግን በዚያው በቢጫ ወባ ታመው ሜይ 21 ቀን 1928 በ51 ዓመታቸው አረፉ። አብረዋቸው ይሠሩ የነበሩት እንግሊዛዊው ዶክተር ያንግም ከቀናት በኋላ በዚሁ በሽታ ሞቱ።

ለጥያቄያቸው ዘረመል የሰጠው መልስ

ዶክተር ኖጉቺ በ1912 የጠየቁት ጥያቄ ግን አልሞተም። በዚያው በ1912 በዋሽንግተን ቂጥኝ ወደ አንጎሉና ወደ ነርቩ ከዘለቀበት አንድ ሕመምተኛ የጀርባ ፈሳሽ ተወስዶ ለጥንቸል ተሰጠ። ይህቺ ዝርያ ኒኮልስ ተብላ ተሰየመች። ከጥንቸል ወደ ጥንቸል እየተሸጋገረች እስከ ዘመናችን ደረሰች። በ1998 ሳይንቲስቶች ሙሉ ዘረመሏን አነበቡ። ዘረመል ማለት ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ የሚሠራበት መመሪያ ነው፤ በአራት ፊደላት ብቻ ይጻፋል። የዚህች ባክቴሪያ መመሪያ 1.14 ሚሊዮን ያህል ፊደላት አሉት።

ዛሬ ባክቴሪያዋን ማሳደግ ሳያስፈልግ ከሕመምተኛው ቁስል ላይ በጥጥ ከተነካ ናሙና ዘረመሏን ለይቶ ማንበብ ይቻላል። በ2021 በወጣ አንድ ጥናት ከ23 አገሮች የተሰበሰቡ 726 ናሙናዎች ተነበቡ። በዓለም ላይ ያለው ቂጥኝ በሁለት ትላልቅ የዘር ሐረጎች ብቻ የሚጠቃለል ሆኖ ተገኘ። አንዱ የኒኮልስ፣ ሌላው ኤስኤስ14 የተባለው ሐረግ ነው። በአብዛኛው የዘረመል ክፍላቸው አንዲት ፊደል እንኳ የማይለያዩ ባክቴሪያዎች በ14 የተለያዩ አገሮች ተገኝተዋል። በሽታው ድንበር ሳያግደው ከሰው ወደ ሰው እየተጓዘ መሆኑን ይህ በግልጽ ይናገራል።

ከዚህ ንባብ ለእኛ ለሕክምና ባለሙያዎችና ለእናንተ ለአንባቢያን የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮች ተገኝተዋል።

የመጀመሪያው ስለ መልክ ነው። ያውስ የሚባል፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ሳይሆን በቆዳ ንክኪ በሕፃናት መካከል የሚተላለፍ በሽታ አለ። የእሱም ባክቴሪያ በማይክሮስኮፕ ከቂጥኝ ባክቴሪያ ጋር ቁርጥ አንድ ነው፤ የተለመደው የደም ምርመራም አይለያቸውም። በዘረመል ግን ይለያሉ፤ ልዩነቱ ከ1,000 ፊደላት መካከል ሁለት እንኳ አይሞላም።

ሁለተኛው ስለ መድኃኒት ነው። ኤስኤስ14 በ1977 በአትላንታ የተገኘው ኤሪትሮማይሲን ከተባለው መድኃኒት ዘመዶች ሊያድኑት ካልቻሉ ሕመምተኛ ነው። በተወሰነ ቦታ ላይ የአንዲት ፊደል መለወጥ ባክቴሪያዋን ኤሪትሮማይሲንንም አዚትሮማይሲንንም እንድትቋቋም ያደርጋታል። ይህ ለውጥ በሁለቱም የዘር ሐረጎች ውስጥ ታይቷል። በአንጻሩ ፔኒሲሊን ከ1940ዎቹ ጀምሮ ለቂጥኝ ሲሰጥ ኖሮ እስከ ዛሬ የቂጥኝ ባክቴሪያ ፔኒሲሊንን መቋቋሟ አልተረጋገጠም።

ሦስተኛው ስለ መደበቅ ነው። ባክቴሪያዋ ከላይኛው ሽፋኗ የምታወጣውን አንድ ፕሮቲን የሚሠራውን ዘረመል በአንድ ሰው አካል ውስጥ ሳለች እንኳ ደጋግማ ትቀያይረዋለች። የሰውነታችን መከላከያ አንዱን መልኳን ሲለምድ ሌላ መልክ ይዛ ትቀርባለች። አንድ ጊዜ ቂጥኝ ይዞት የዳነ ሰው እንደገና ሊያዝ የሚችልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

የቂጥኝ የመጀመሪያ ቁስል አብዛኛውን ጊዜ ግንኙነት ከተደረገ ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ አያምም። በብልት፣ በፊንጢጣ ወይም በአፍ ውስጥ ሊሆን ስለሚችል፣ በተለይ በሴቶች ላይ ጨርሶ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። መድኃኒት ባይወሰድም ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይድናል። ከሳምንታት በኋላ ሽፍታ ሊመጣ ይችላል፤ መዳፍና የእግር ጫማ ላይ የሚወጣ ሽፍታ ካያችሁ በተለይ ጠርጥሩ። እሱም በራሱ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ በሽታው ድምፁን አጥፍቶ ለዓመታት ይቀመጣል።

ስለዚህ ቁስል ወይም ሽፍታ ካያችሁ፣ ወይም ጥንቃቄ የጎደለው ግንኙነት ካደረጋችሁ ሳይውል ሳያድር ተመርመሩ። ቁስሉ እንደ ወጣ የሚደረግ የደም ምርመራ በሽታውን ሳያሳይ ሊቀር ስለሚችል፣ ሐኪሙ ድገሙ ካለ ድገሙ።

እርጉዝ እናቶች በመጀመሪያው የክትትል ቀን የቂጥኝ ምርመራ ያድርጉ። ባክቴሪያዋ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ትሻገራለች። ፅንሱ ሊጨናገፍ፣ ሕፃኑ ሞቶ ሊወለድ ወይም ከነበሽታው ሊወለድ ይችላል። በጊዜ የተሰጠ ፔኒሲሊን እናትንም ልጅንም ያድናል።

ለሌላ ሕመም ታዝዞ የተረፈ አዚትሮማይሲን ወይም ጎረቤት የሰጣችሁን እንክብል ለቂጥኝ ብላችሁ አትዋጡ። የቅርብ ጊዜ ቂጥኝ በአንድ ጊዜ በሚሰጥ የቤንዛታይን ፔኒሲሊን መርፌ ይታከማል፤ የቆየው ግን በየሳምንቱ ሦስት መርፌ ያስፈልገዋል። አንጎልን ወይም ዓይንን የነካ ከሆነ ሆስፒታል ተኝቶ መታከም ግድ ነው። ፔኒሲሊን የማይስማማችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ከመርፌው በኋላ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ሊያጋጥም ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ ያልፋል።

የትዳር ወይም የፍቅር ጓደኛችሁም አብሮ ይታከም፤ አለበለዚያ በሽታው ተመልሶ ይመጣል። ከሕክምና በኋላ በ6 እና በ12 ወር ደማችሁን አስመርምሩ። አንዳንዱ ምርመራ ከዳኑም በኋላ ዕድሜ ልክ ቂጥኝ እንዳለ ሊያሳይ ስለሚችል፣ የትኛው እንደተደረገላችሁና ትርጉሙ ምን እንደሆነ ጠይቁ። ኮንዶም አደጋውን ይቀንሳል፤ ኮንዶሙ በማይሸፍነው ቦታ ያለ ቁስል ግን ሊያስተላልፍ ይችላል።

ዶክተር ኖጉቺ የተቀበሩት በኒውዮርክ ነው። በ1979 በጋና በስማቸው የሕክምና ምርምር ተቋም ተቋቁሟል። ከ2004 ጀምሮ ለ20 ዓመት ምስላቸው በጃፓን የ1,000 የን ኖት ላይ ነበር፤ በ2024 ቦታውን የያዙት የቀድሞ አለቃቸው ኪታሳቶ ናቸው። እኔ እንደ ሐኪም የምወስደው ትምህርት ግን ከገንዘቡ ላይ ካለው ምስል አይደለም። ዕድሜአቸውን በማይክሮስኮፕ ላይ ያጎነበሱ ሰው እንኳ ይህቺን ባክቴሪያ በመልኳ ለይተው ማወቅ ካልቻሉ፣ እኔም ሆንኩ እናንተ መስታወት ፊት ቆመን ድነናል ብለን ልንፈርድ አንችልም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ቁስሉ ቢጠፋም ተመርመሩ።